እንደ ወፍጮ የምታፏጭ ዶቅዶቄ

ይህን የምጽፈው ከመካነ ሰላም ከተመለስኩ በኋላ፣ ጋራዤ ውስጥ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ነው። ወዳጆቼ «እስቲ የሄድክበትን አገር አውራን» ሲሉኝ ስለ ብርዱና ስለ መንገዱ ብቻ እነግራቸዋለሁ። የቀረውን ማውራት ከበደኝ፤ ሲጻፍ ይቀል እንደሆነ ልሞክረው።

ለማያውቀኝ ሰው ጥላሁን እባላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክልና ጄኔሬተር እጠግናለሁ። የተወለድኩት ግን አባቴ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ በነበረበት በመካነ ሰላም ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ የጡት አባቴ ደግሞ ጋሽ ሰይድ ናቸው። አዲስ አበባ ይህን ስናገር ሰው ቅንድቡን ያነሳል፤ ወሎ ውስጥ ግን ማንም ዞሮ አያየኝም። ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን በወባ ርጭት ሥራ የጨረሱ፣ በዶቅዶቄ ያልደረሱበት ቀበሌ የሌለ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ የጣላትን አሮጌ የእንግሊዝ ዶቅዶቄ በጨረታ ገዝተው ቤታቸው አስገቧት። እኔ ሳልወለድ የተሠራች ናት፤ ከኔ ይልቅ ግን እሷ ጤነኛ ነበረች።

በዚህች ዶቅዶቄ የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው። ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘይነባ ከወግዲ ወዲያ ባለች መንደር ይኖራሉ። ወገባቸውን ከተመቱ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። እስከ ወግዲ ሚኒባስ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። የጋሽ ሰይድ ጉልበት ያንን አይችልም፣ በቅሎም አንድ ጊዜ ከጣለቻቸው ወዲህ ኮርቻ ላይ አይወጡም። ስለዚህ በየሳምንቱ በዶቅዶቄ ሄደው ከእህታቸው ጋር አድረው ይመለሱ ነበር። በኋላ ቤንዚን ከአገሩ ጠፋ። አልፎ አልፎ በውሃ ላስቲክ የሚሸጠው ደግሞ ከምን ጋር እንደተደባለቀ ሻጩም አያውቅም። የጭነት መኪኖች የሚነዱበት ናፍጣ ግን ይገኛል። አንድ ቀን ደውለው «ጥላዬ፣ ይቺን ዶቅዶቄ ናፍጣ ማጠጣት ይቻላል ወይ?» አሉኝ። እህታቸውን ካዩ ወራት አልፏቸው ነበር። እኔም ሻይዬን ፉት እያልኩ «ቀላል ነው» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ቀን። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሾፌሮች አጣርቼ በማለዳ ተነሳሁ። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አንዲት ባለ አንድ ፒስተን የውሃ ፓምፕ የናፍጣ ሞተር በፍራሽ ተጠቅልላ ታስራለች። ረዳቱ ሲጭናት «ምንድን ናት?» ቢለኝ «የጡት አባቴ መድኃኒት ናት» አልኩት፤ ኩራቴ እስከዚህ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆላ ወርደን ሁለት ጊዜ ደጋ ወጣን። በወረድን ቁጥር ሹራቤን አወልቃለሁ፣ በወጣን ቁጥር እደርባለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከፒያሳ ቦሌ ለመድረስ በምናባክነው ሰዓት ሰው እዚህ ሁለት የአየር ጠባይ ይቀያይራል።

ወረኢሉ የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ያደርኩበት ቤት ለእስላምም ለክርስቲያንም ማድቤት አለው፤ አስተናጋጇ ከየትኛው እንደምበላ ጠየቀችኝና ፓስታ በሥጋ አመጣችልኝ። አዲስ አበባ ቢሆን የአንገቴን ማተብ አይተው ዝም ብለው ያቀርቡ ነበር። የተሰጠኝ የበግ ፀጉር ባና ከባድ ቢሆንም ብርዱ በየት እንደሚገባ አላውቅም፤ ስንቀጠቀጥ ያየው ባለቤት የራሱን ጋቢ አውልቆ ጨመረልኝ። እምቢ ስለው «አብሽር፣ እኛ ለምደነዋል» ብሎ በሸሚዝ ሄደ።

ሁለተኛው ቀን። ጉጉፍቱ ላይ መኪና መቀየር ነበረብኝ። ጉምና ንፋስ በአንድ ላይ አለ፣ የሰው እጅ ገመድ አልይዝ አለ። ከጣሪያ ሲያወርዷት ከረዳቱ እጅ አምልጣ ሞተሬ ከነፍራሿ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ድምፁን ስሰማ ገባኝ፤ ፍራሹን ስገልጠው የዘይት ማቀፊያ ካርተሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል፣ ዘይቱም ይፈሳል። ረዳቱን ልደበድበው ምንም አልቀረኝም። ልጁ ግን ከኔ የበለጠ ደነገጠ፤ ሻይና ዳቦ ገዝቶ አስቀመጠኝ፣ መካነ ሰላም የሚሄድ የእህል መኪናም ለምኖ ጋቢና አስገባኝ። የተሰነጠቀችውን ሞተርም አቅፎ ጫናት። እንደ ሬሳ ይዤአት ገባሁ።

ጋሽ ሰይድና ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ በር ላይ ቆመው ነበር። ስለ ሞተሯ ስነግራቸው ጋሽ ሰይድ «አንተ ደህና ገብተሃል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ርዕሱን ቀየሩ። እትዬ ሐዋ ዶሮውን ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ልከው በባሏ አሳርደዋል፤ በጎረቤቷ ድስት ተሠርቶ፣ ተከድኖ፣ ለእኔ ብቻ መጣ። እነሱ ከዚያ አልቀመሱም፤ እኔ ስበላ እያዩ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ እራት ከተበላ በኋላ «አልሆነም» ብሎ መመለስ እንዴት ይቻላል?

ሦስተኛው ቀን። ሞተር ፍለጋ ከተማውን ዞርን። መካነ ሰላም ከልጅነቴ ይልቅ ሰፍታለች፤ ፎቅ አብቅላለች፣ ባጃጅ ግን ቤንዚን አጥቶ በየጥጉ ቆሟል። ጋሽ ሰይድ በየአሥር እርምጃው ለሰላምታ ይቆማሉ፤ አዲስ አበባ በአንድ ዓመት የምጨብጠውን እጅ በአንድ ጧት ጨበጥኩ። በመጨረሻ አቶ ደምሴ የሚባል ነጋዴ ቤት ገባን። አቶ ደምሴ በእትዬ ዘይነባ መንደር አነስተኛ ወፍጮ ነበረው። ሞተሯ ስትቆምበት ለማሠራት ወደ ከተማ አምጥቷት፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ከጓዳው ጆንያ ለብሳ ትኖራለች። ጆንያውን ሲያነሳው የኔዋ መንትያ ናት። «ወፍጮውማ ሞቷል» አለን፤ «መንደሩ ወደ ወግዲ ወርዶ ነው የሚያስፈጨው። ለጋሽ ሰይድ ካገለገለች ውሰዷት፣ ካሣም አልፈልግም።»

ፈትቼ ሳያት ችግሯ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ነበር። የኔዋ ሞተር ካርተሯ ይሰንጠቅ እንጂ ፖምፓዋ ጤነኛ ነው። አውጥቼ ገጠምኩላት፤ ገመዷን ስጎትት ሁለቴ አስላትና ተነሳች። አቶ ደምሴ አጨበጨበ፣ ጋሽ ሰይድ «ማሻ አላህ» አሉ፣ እኔም አንገቴን ቀጥ አድርጌ ቆምኩ። ያቺ ወፍጮ እዚያች ደቂቃ ላይ ድናለች። ከሦስታችን አንዳችን እንኳ ይህን አላሰብንም። ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የሚቀጥሉት ቀናት በብየዳ አለፉ። የአሮጌዋ ዶቅዶቄ ካምቢዮ ከሞተሩ የተለየ ስለሆነ በካቴና ማገናኘቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ቁመት ነው፤ የናፍጣዋ ሞተር ረዝማ የዶቅዶቄዋ የብረት ሻንሲ ውስጥ አልገባ አለች። ማቀፊያ ብረት ሠርቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆርጡ ማሰር ይቻላል። እኔ ግን ጋራዤን ለሰው ትቼ መጥቻለሁ፣ ቸኩያለሁ። የፊት ቱቦዋንና የድሮውን ሞተር የሚይዙትን ጆሮዎች በሴጌቶ መጋዝ ቆረጥኳቸው። ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ነገ ቤንዚን ቢመጣ መመለስ ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ። «ብየዳ አለ አይደል» አልኳቸው። ይህ መልስ አይደለም፤ ባለሙያ ነኝና አውቀዋለሁ። ያ ዕድሜ የጠገበ ብረት አንዴ ከተቆረጠና ከጎበጠ የድሮ ቦታውን አይዝም።

አንድ ነገር ሳልነካ ተውኩ። የአገራችንን ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ፉጨቱን ያውቃል። ባለወፍጮዎች የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የምታፏጭ ክዳን ያደርጋሉ፤ ፉጨቷ ሲሰማ «ወፍጮው ተነስቷል፣ እህላችሁን አምጡ» ማለት ነው። የእያንዳንዱ ፉጨት ስለሚለያይ ሴቶቹ የትኛው ወፍጮ እንደሆነ ከቤታቸው ሆነው ያውቃሉ። ያቺ ክዳን የአቶ ደምሴ ሞተር ላይ ነበረች። ላወልቃት ስል ጋሽ ሰይድ «ተዋት» አሉኝ። «ዘይነባ የዶቅዶቄዬን ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ ነበር ልቧ የሚያርፈው። ይቺም ከሩቅ ትሰማለች።»

ልንሞክራት ስናወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ ዱአ አደረገ። አንድ ሽማግሌ «ጤፍ ብንሰጣት ትፈጫለች?» ብለው ሰውን አሳቁት። እኔም ሳቅሁ።

የመንገዱ ቀን። ጋሽ ሰይድ ይነዳሉ፣ እኔ ከነቁልፍ ሳጥኔ ከኋላ ተፈናጥጫለሁ። ዶቅዶቄዋ ትሄዳለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ታለቅሳለች፣ ጥቁር ጭስ አፌ ውስጥ ትሞላለች፤ ግን ትሄዳለች። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የሆነ ነገር ይነግሩኛል፣ አንዱንም አልሰማም፤ ሲስቁ ብቻ ትከሻቸው ይታየኛል። ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ወግዲ ላይ ምሳ በላን። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አለ፤ በሩ ላይ ሴቶች ጆንያቸውን ተደግፈው ተኝተዋል። ጋሽ ሰይድ አንዷን አወቋት፣ የእትዬ ዘይነባ መንደር ሴት ናት። ትናንት መጥታ ተራ ሳይደርሳት አድራለች። እህታቸው ደህና መሆናቸውን ነገረችን፤ ደስ ብሎን ሂሳብ ከፍለን ወጣን።

ከወግዲ በኋላ መንገዱ ጠባብ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ ድንጋይ፣ ከዚያ ገደል። መንደሩ ከገደሉ ማዶ ይታያል። ጋሽ ሰይድ ሆነ ብለው ነዳጅ ሰጡና ፉጨቷ ገደሉን ሞላው። «ሰማችኝ» አሉ፤ ይህን ግን ሰማሁ። ቁልቁለቱን ወርደን ስንወጣ ከየቤቱ ሰው ሲወጣ አየሁ። አቀባበል መሰለኝ። ወደ አቶ ደምሴ ወፍጮ ቤት ስንቃረብ ግን ሰዎቹ ወደ እኛ አልመጡም፤ ወደተዘጋው ወፍጮ ቤት ነበር የሚሄዱት። ሴቶች በጀርባቸው እህል አዝለዋል፣ አህዮች ተጭነዋል፣ ከላይኛው ተረተርም ሌሎች ይወርዳሉ። የፊተኞቹ በሩ ላይ ደርሰው ጆንያቸውን አውርደው ተራ ይዘዋል።

ጋሽ ሰይድ ሞተሩን አጠፉት። ፉጨቱ ሲቆም ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ።

የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ የሚቀመጠው ይመኙ የምትባል ሴት ጋ ነው። ቁልፉን ይዛ ቀረበችና ከጋሽ ሰይድ ጉልበት ሥር ያለችውን ሞተር ጎንበስ ብላ አየቻት። «ደምሴ ወፍጮዋን አስነስቶ መጣ ብለን እኮ ነው» አለች። «ድምጿ የኛዋ ናት።»

«የናንተዋ ናት» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«እና ምነው እዚህ ላይ ሆነች?»

«ዘይነባን ልጠይቅባት ብዬ።»

ይመኙ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ይሁና፣ ጠይቋት እንጂ» አለች። «እሷም ስትናፍቅዎ ነው የከረመችው። ዱቄቷንም እኛ ነን ተራ ገብተን ከወግዲ የምናመጣላት፤ የዚህ ሳምንቱ ገና አልመጣም።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ እንዳልሆነ በእጇ አሳየቻቸው። አንዳንዶቹ በራሳቸው ሳቁ፤ ጆንያቸውን መልሰው ማዘል ጀመሩ። አንዲት ነፍሰ ጡር ያወረደችውን ለማንሳት ሰው እስኪያግዛት ቆመች።

ጋሽ ሰይድ ከዶቅዶቄዋ ወረዱ። እጃቸውን ነዳጅ መያዣው ሰርባቶዮ ላይ አሳርፈው «ጥላሁን፣ ቁልፍህን አምጣ» አሉኝ። ጥላዬ አላሉኝም።

ምን እንደፈለጉ ገብቶኛል። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ተከራከርኩ፤ የተቆረጠውን ሻንሲ ቀጥ አድርጋ የያዘችው ይቺው ሞተር ናት፣ አንዴ ከወረደች ይጎብጣል፣ ይቺ ዶቅዶቄ ሌላ ሞተር አትይዝም፣ የድሮውም ተመልሶ አይገባም፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት፣ ወደ ወግዲ እንመለስና ሌላ መላ እንፈልግ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስትቆርጣት አጠገብህ ነበርኩ። ፍታት።»

ፈታኋት። ይመኙ በሩን ከፈተች፤ ወፍጮውን የሚያዞሩት ፑሌጃና ቀበቶ አቧራ ለብሰው ከነበሩበት አልተነቃነቁም። ጋሽ ሰይድ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥተው ለአቶ ደምሴ ደወሉለት፤ እሱም መለዋወጫ ጠፋ ብሎ የተዋት እንጂ መንደሩን የጠላ ሰው አይደለምና ደስ አለው። ማንም አልሄደም፤ ወንዶቹ ሞተሯን ተሸክመው አስገቡልኝ፣ አንዷ ቆሎ አመጣችልኝ፣ ሌላዋ እጄን በውሃ አስታጠበችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ደንበኞቼ ይህን ያህል ቢዘገይባቸው ይሰድቡኝ ነበር። ገመዷን ስጎትት ተነሳች፣ ፏጨች፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ዶቅዶቄዋ ሆዷ ባዶ ሆኖ ከግድግዳው ጋር ተደግፋለች። ጋሽ ሰይድ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነበር።

የእትዬ ዘይነባ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ለሳቸው ግን ሩቅ ነው። ክንዳቸውን ይዤ፣ በየድንጋዩ እያረፉ፣ ደረስን። እትዬ ዘይነባ ከአልጋቸው ላይ ሆነው በሩን በሩን ያያሉ።

«ሰይዶ» አሉ፣ «ወፍጮዋ ተነሳች። ሰማሃት?»

«ሰማኋት፣ እታለም።»

«ያንተዋን ግን አልሰማኋት። በምን መጣህ?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ዘይነባ ወደ ወንድማቸው ጉልበት አዩ። አጠገባቸው አስቀመጧቸውና ቅቤ ከቅሉ በጣታቸው ቆርሰው፣ ከአልጋው ሳይነሱ፣ ያበጠውን ጉልበት ያሹት ጀመር። ዶቅዶቄዋ ነዳጅ እስኪመጣ የቆመች እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ አዩ፤ ሊዋሹ እንዳልፈለጉ ገባኝ። «አይደለም፣ እትዬ» አልኩ። «ከእንግዲህ አትነሳም። እኔ ነኝ ያበላሸኋት።»

እትዬ ዘይነባ ማሸታቸውን አላቋረጡም። «እንግዲያስ በዚህ ጉልበት እዚህ አትምጣ» አሏቸው። «ገደል መሐል መውደቅህን ከምሰማ እኔ ቀድሜ ልሙት። ደህና መሆኔን ሰው ይነግርሃል፣ ያንተንም ይነግረኛል። ወፍጮዋ አለች፣ ዱቄት አለኝ። ዱአ አድርግልኝ፣ ይበቃኛል።»

ጋሽ ሰይድ ለመሥሪያ ቤት፣ ለጎርፍ፣ ለአለቃ እሺ ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለእህታቸው ግን «እሺ» አሉ።

የመጨረሻው ቀን። በማግሥቱ ሌላ መላ ስላልነበረ፣ ጋሽ ሰይድን ወደ ወግዲ ባዶዋን የምትሄድ ዝግተኛ አህያ ላይ አስቀምጠን፣ ከግራና ከቀኝ ደግፈን እስከ ወግዲ ወሰድናቸው። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልወቀሱኝም። መካነ ሰላም መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፣ እትዬ ሐዋም ለመንገድ በሶ ቋጠሩልኝ። አዲስ አበባ እስክገባ ድረስ ሳልፈታው ቀረሁ።

ትናንት ደወልኩላቸው። ቤንዚን እንደመጣና ባጃጆቹ እንደተንቀሳቀሱ፣ የመንደሩ ወፍጮም ያለ ዕረፍት እንደሚሠራ ነገሩኝ። ልጆቼን አንድ በአንድ በስማቸው ጠየቁኝ። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ እትዬ ዘይነባስ እንዴት ናቸው አልኳቸው።

«ደህና ናት» አሉኝ፤ ከዚያ «ደህና ናት ብለውኛል» ሲሉ አረሙት።